ጅቡቲ ባሕር ዳር ላለ ጠባብ ግቢ ምን ይተከል? ከድሬዳዋ የተነሣ ጥያቄና ምላሾቹ

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋው ሳቢያን ሰፈር ነው። ጠያቂዋ ጅቡቲ ከተማ፣ ከባሕሩ 200 ሜትር ያህል ርቆ ለሚገኝ የታላቅ ወንድሟ ቤት የግቢ አትክልት ምክር ፈለገች። ልኩን በደንብ ሰጥታለች፦ ግቢው ከቤቱ በስተሰሜን ነው፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ 9 ሜትር፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ 6 ሜትር፣ በድምሩ 54 ካሬ ሜትር። ባሕሩ በምሥራቅ ነው፤ በዚያ በኩል 2 ሜትር ከፍታ ያለው ድፍን የብሎኬት አጥር አለ። የግቢው በር በምዕራብ ነው። ቤቱ ሁለት ኤሲና ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ አለው፤ የቧንቧው ውሃ ጨው ጨው ይላል። የሚፈለገው ጥላ፣ አበባ፣ አንድ የሎሚ ዛፍና ለሻይ የሚሆን ናና ነው። ችግኙን ከድሬ በባቡር ለመላክ አስባለች። የጨው ነፋሱን ለማቆም አጥሩን ወደ 3 ሜትር ማሳደግ እንደሚበቃና የቀረው የአበባ ምርጫ ብቻ እንደሆነም እርግጠኛ ሆና ጽፋለች።

ድሬም ሆነ ሐረር ጅቡቲ ዘመድ የሌለው ቤተሰብ ጥቂት ስለሆነ ምላሹ ጎረፈ። የምላሾቹ ክር በተራው እንዲህ ሄደ።

1. የመጀመሪያው መላሽ በሰላምታና በምርቃት ጀምሮ የድሬውን የከዚራ ሰፈር ጥላ አስታወሰ። የድሬዳዋ ዛፍ፣ ኒም፣ ቡጋንቪሊያ፣ ሎሚና ጊሽጣ እንዲተከሉ መከረ። የድሬን የግንቦት ሙቀት የቻለ ተክል ጅቡቲንም ይችላል የሚል ነው። ቅን ምክር ነው፤ የቆጠረው ግን ሙቀቱን ብቻ ነው።

2. ሁለተኛው በአክብሮት አረመው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በዓመት 600 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች። ጅቡቲ ከተማ የምታገኘው ከ150 ብዙም አይርቅም። ዝናብ ደግሞ ተክል ከማጠጣቱ ሌላ ጨውን ከሥር አካባቢ አጥቦ ያወርዳል፤ ድሬ ላይ ይህን በልግና ክረምት ይሠሩታል፣ ጅቡቲ ላይ ግን አጣቢው የሰው እጅ ነው። አፈሩም ሌላ ነው። ከተማዋ ባብዛኛው የተቀመጠችው በኮራል ኖራ ድንጋይ ላይ ስለሆነ ብረት ለተክሉ በማይገኝ መልክ ይታሰራል። ምልክቱን ለይቶ አስቀመጠ፦ አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ አረንጓዴ ከቀረ የብረት እጥረት ነው፤ የአሮጌው ቅጠል ጫፍና ጠርዝ ቡናማ ሆኖ ከተቃጠለ ጨው ነው። ብዙ ሰው ሁለቱንም ውሃ ጥም መስሎት ያንኑ ጨዋማ ውሃ ይጨምራል። በኖራማ አፈር ተራ የብረት ሰልፌት መጨመር ገንዘብ ማባከን እንደሆነና ኢዲዲኤችኤ የተባለው የብረት ማዳበሪያ ብቻ እንደሚሠራ አክሎ ጨረሰ።

3. ክሩን ያዞረው ይህ ምላሽ ነው። ጸሐፊው ግንበኛ ይመስላል፤ የተክል ስም አንድም አላነሣም። ድፍን አጥርን ማሳደግ ነገሩን እንደሚያባብስ አስረዳ። ነፋስ ድፍን ነገር ሲገጥመው ከላይ ዘሎ ከግንቡ ጀርባ እየተሽከረከረ ይወርዳል፤ የተሸከመውንም የጨው ጠብታ እዚያው ይጥለዋል። ግማሽ ያህሉን አየር የሚያሳልፍ አጥር ግን ፍጥነቱን ሰብሮ በዝግታ ያሳልፈዋል። ከለላው እስከ ቁመቱ 10 እጥፍ ርቀት ይሰማል፤ ጥሩ ሆኖ የሚሠራው ግን እስከ 5 እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ የ2 ሜትር አጥር ለ9 ሜትር ግቢ ልኩ ነው፣ 3 ሜትር የሚያስፈልግበት ምክንያት የለም።

የሥራውንም ቅደም ተከተል ሰጠ። የምሥራቁን አጥር ከላይ 4 ረድፍ ብሎኬት፣ ማለትም 80 ሳ.ሜ ማውረድ። በቀረው 1.2 ሜትር ላይ ማያያዣ አርማታ መጣል። ከዚያ በላይ እስከ 2 ሜትር ቀዳዳ ያለው ጌጠኛ ብሎኬት መደርደር፣ ወይም 5 ሳ.ሜ ስፋት ያለው ጣውላ በ5 ሳ.ሜ ክፍተት ማቆም። ማያያዣው ከተዘለለ ቀዳዳው ብሎኬት በመጀመሪያው ኃይለኛ ነፋስ ይላቀቃል። ሌላም ምክንያት አነሣ፤ በእኔ ግምት ከሁሉ የሚከብደው ይኸኛው ነው። እርጥበታማ ሙቀት ባለበት ከተማ የባሕሩን ነፋስ ጨርሶ የዘጋ ሰው ጨው ይቀነስልኝ ብሎ ግቢውን ምድጃ ያደርገዋል።

4. አጭር ነው፦ አመስግኖ የጣውላው ማሰሪያ ተራ ቱቦላሬ ቢሆን ምን እንደሚመስል ጠየቀ።

5. ግንበኛው ተመልሶ ቀለም የተቀባ ተራ ቱቦላሬ በዚያ አየር ከብየዳው መገጣጠሚያ ጀምሮ እንደሚበላ መለሰ። ሙቅ ዚንክ ውስጥ የተነከረ ብረት ይሻላል፤ ከተነከረ በኋላ ግን መበየድ ወይም መብሳት ሽፋኑን ስለሚያነሣ ቀዳዳው ሁሉ አስቀድሞ ይበሳ። ለብሎንና ለማጠፊያ 316 የሚባለው ስቴይንለስ ነው የሚያዋጣው፤ ርካሹ 304 ባሕር ዳር ላይ የሻይ ቀለም ያለው ዝገት ያወጣል። አርማታው ውስጥ ያለው ፌሮ በሁሉም በኩል 5 ሳ.ሜ ይሸፈን። የባሕር ዳር አሸዋ ለአርማታም ለአትክልትም እንዳይነካ ጠበቅ አድርጎ አስጠነቀቀ፦ ክሎራይዱ ፌሮውን ከውስጥ እያዛገ ያሳብጠዋል፣ አርማታውም ይሰነጠቃል። ድሬ ደቻቱ ወንዝ ላይ እንደሚጫነው አሸዋ ያለ ንጹሕ የወንዝ አሸዋ እንደሚያስፈልግ ነው የጻፈው።

6. ንድፉን የነደፈው ስድስተኛው ነው። ሁለት ነፋስ እንዳለ ማንም እንዳላነሣ አስተዋለ። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ የሚነፍሰው ከባሕሩ ስለሚመጣ ጨው ይዟል፣ ለስላሳ ግን ነው። በበጋቸው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ደግሞ ኻምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ በረሃ ይነሣል፤ ጨው የለውም፣ ቅጠል ግን ያደርቃል። ስለዚህ የምሥራቁ ጫፍ የጨው ማጣሪያ፣ የምዕራቡ ጫፍ የደረቅ ነፋስ መከላከያ ይሁን። በምሥራቅ አጥሩ ሥር 1.2 ሜትር ስፋት ያለው መደብ በ6 ሜትሩ ሙሉ፤ በሰሜን አጥር ሥር 60 ሳ.ሜ በ7 ሜትር፤ በምዕራብ ከበሩ ጎን 1 በ4 ሜትር። ድምሩ 15 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። የቀረው ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ጠጠር በ5 ሳ.ሜ ውፍረት ይልበስ፤ ጥቁር ድንጋይ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ስለሚመልስ አይሆንም።

ስለ ፀሐይ የጻፈው እዚህ አገር ብዙ ሰው የማያስበውን ነው። ጅቡቲ ከምድር ወገብ 11.6 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ የቀትር ፀሐይ ከአናት አልፋ በሰሜን ትውላለች፤ የቤቱ ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፣ ይህ ግቢ ግን እስከ ግድግዳው ሥር ይመታል። በታኅሣሥ ፀሐይዋ 55 ዲግሪ ከፍታ ላይ በደቡብ ናት፤ 3 ሜትር ቁመት ያለው ቤት በቀትር 2 ሜትር ያህል ጥላ ወደ ግቢው ይጥላል። በታኅሣሥ አይቶ ጥላ ነው ብሎ ከግድግዳው ሥር ናና የተከለ ሰው ሰኔ ላይ ያጣታል ማለት ነው። ጥላውን የሚሰጠው እንግዲህ በ2.5 ሜትር ከፍታ ላይ የሚሠራ ዳስ ነው፤ በላዩ 50 በመቶ የሚከልል መረብ ይዘርጋ፣ ቡጋንቪሊያው እስኪደርስ።

7. የውሃው ጉዳይ እዚህ ተጀመረ። ሰባተኛው የመስኖ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። ከሁሉ በፊት የጨው መጠን መለኪያ ተገዝቶ የቧንቧው ውሃ ኢሲ (ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ፤ ጨው በበዛ ቁጥር ይጨምራል) ይለካ አለ። ከ0.7 ዴሲሲመንስ በሜትር በታች ከሆነ ሐሳብ የለም፤ ከ0.7 እስከ 3 ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ከ3 በላይ ከሆነ የተክሉ ዝርዝር በጣም ያጥራል። ከዚያ ሥር አካባቢ ያለው አፈር ሊደርስበት የሚችለውን ወሰን ዘረዘረ፦ ካሮትና ፎሶሊያ 1፣ ሽንኩርት 1.2፣ በርበሬ 1.5፣ ሎሚና ብርቱካን 1.7 አካባቢ፣ ቲማቲም 2.5፣ ቀይ ሥርና ተምር 4። ከዚያ ካለፈ እድገቱ መቀነስ ይጀምራል።

ጨውን አጥቦ ለማውረድ የሚጨመረው ውሃ በቀመር ይገኛል። ተክሉ የሚችለው የአፈር ኢሲ በ5 ይባዛል፤ ከዚያ የውሃው ኢሲ ይቀነሳል፤ የውሃው ኢሲ በዚህ ውጤት ይካፈላል። የውሃው ኢሲ 2 ቢሆን፣ 4 ለሚችል ተክል 2 ሲካፈል ለ18፣ 0.11 ነው። ለሎሚ ግን 2 ሲካፈል ለ6.5፣ 0.31 ይሆናል። ይህ ቁጥር ከሚሰጠው ውሃ ሁሉ ወደ ታች የሚፈሰው እጅ ነው፤ 10 ሊትር የሚጠጣው የመጀመሪያው ተክል 11.2 ሊትር ሲፈልግ ሎሚው 14.5 ይፈልጋል። ልዩነቱ ወደ ታች ፈስሶ የሚሄድ ነው፤ መሄጃ ከሌለው ግን ሁሉም ከንቱ ነው።

8. ስምንተኛው በቁጣ መጣ። አቦ ብሎ ጀምሮ፣ ውሃ በጀሪካን ለሚገዛ ሰው ሢሶውን አፍስስ ማለት ቅንጦት እንደሆነ፣ ለአንድ ሎሚ ይህን ያህል ሒሳብ እንደማያስፈልግ ጻፈ። ከሁለቱ ኤሲ የሚንጠባጠበው ውሃ ለምን እንደተረሳም ጠየቀ። ንግግሩ ሻካራ ነበር፤ የኤሲው ነገር ግን የክሩ ምርጥ ሐሳብ ሆኖ ወጣ።

9. ሰባተኛው በዚያው ቃና መለሰ። ውሃ ለመቆጠብ ተብሎ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማርከፍከፍ ላዩን 5 ሳ.ሜ ብቻ አርሶ ጨውን ሥሩ ላይ ያከማቻል፤ ዛፍ የሚሞተው በዚህ ቁጠባ ነው። በቀን 5 ሊትር ከማጠጣት በ3 ቀን 15 ሊትር አንዴ ማውረድ ይሻላል። ከዚያ ግን የኤሲውን ሐሳብ ተቀብሎ አሰላው። በዚያ እርጥበት አንድ የቤት ኤሲ በሰዓት 1 ሊትር አካባቢ ያወጣል፤ ሁለቱ 10 ሰዓት ቢሠሩ 20 ሊትር ይሆናል። ይህ ውሃ ጨው የለበትም ማለት ይቻላል። በሞቃት ወራት ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ መሬት በቀን በካሬ ሜትር ከ6 እስከ 8 ሊትር ይጠጣል፤ ድርቅ ለሚችል ተክል ግማሹ ይበቃል። 15 ካሬ ሜትር በቀን 50 ሊትር ገደማ ነው፤ ሁለት ጀሪካን ተኩል። ሮቶው ብቻውን ከ5 ሳምንት በላይ ይይዛል፤ የኤሲው ውሃ ደግሞ ለሎሚና ለናና ብቻ ተለይቶ ይጠራቀም። የገላ መታጠቢያ ውሃ ለአጥር ተክል ይሆናል፤ የልብስ ማጠቢያ ዱቄት የገባበት ግን ሶዲየም ስላለው ቢቀር ይሻላል።

10. አንድ ትሑት ሰው አፈሩ ላይ ጀሶና ብዙ የፍየል ፍግ ቢደባለቅ ጨው እንደሚወጣ ጻፈ።

11. አስራ አንደኛው አልማረውም። ጂፕሰም (ያልተቃጠለው ጀሶ) የሚጠቅመው ሶዲየም ላጣበቀው ሸክላ አፈር ነው፤ ካልሲየሙ ሶዲየሙን ከሸክላው ላይ አስለቅቆ ውሃ እንዲያልፍ ያደርጋል። አሸዋና የኮራል ስባሪ ግን ድሮም ውሃ ያሳልፋል፤ ጂፕሰም ሲጨመርበት ራሱ ጨው ይሆናል። የግንባታ ጀሶ ደግሞ የተቃጠለ ስለሆነ ውሃ ሲነካው ይጠጥራል። ያልበሰለ የፍየልና የዶሮ ፍግም የራሱ ጨው አለው። ሳይንሱ ትክክል ነው፤ አነጋገሩ ግን ለቅን ሰው የሚገባ አልነበረም። ሁለት ሰዎች ይህንኑ ነግረውታል (12 እና 13)፣ ሌላ ነገር አልጨመሩም።

14. ወደ ሥራው የመለሰው ይህ ነው። ኮራሉን ቆፍሮ ከመታገል መደቡን ከፍ ማድረግ ይሻላል ብሎ የምሥራቁን ከ1.2 ሜትር በ6 ሜትር፣ በ50 ሳ.ሜ ከፍታ አሰላው፦ 3.6 ሜትር ኩብ አፈር። ድብልቁ 5 እጅ ንጹሕ የወንዝ አሸዋ፣ 3 እጅ ቀይ አፈር፣ 2 እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት። ግንቡ ከታች በየ1 ሜትሩ 4 ሳ.ሜ ስፋት ያለው የውሃ መውጫ ቱቦ ይኑረው። አፈሩ ከተሞላ በኋላ ከመተከሉ በፊት አንዴ በደንብ ጠጥቶ ይረፍ፤ 10 በመቶ ያህል ስለሚሰምጥ ያን ጊዜ ይሞላል። ላዩ 7 ሳ.ሜ ገለባ ወይም የተከተፈ ቅርንጫፍ ይጎዝጎዝ። ትነት በቀነሰ ቁጥር ወደ ላይ የሚወጣው ጨውም ይቀንሳል።

15. ቀዩን አፈርና የደቻቱን አሸዋ ከድሬ በጭነት መላክ ይቻል እንደሆነ የጠየቀ ሰው ነበር።

16. አይቻልም ተባለ፤ መልሱም በቂ ምክንያት አለው። አፈር ድንበር ሲሻገር ኔማቶድ የሚባለው ሥር የሚያጠቃ ደቃቅ ትልና የአረም ዘር፣ በተለይ ፓርቲኒየም፣ አብሮ ይሻገራል። ችግኝም ቢሆን ከግብርና ባለሥልጣን የዕፅዋት ጤና ሰርተፊኬት ያስፈልገዋል፣ በጅቡቲ በኩል ያለው ፈቃድም አስቀድሞ ይጠየቅ። ሰርተፊኬት የሌለው ችግኝ ድንበሩ ደወሌ ላይ ቢቀር የሚያስገርም አይደለም። የተሻለው መንገድ አብዛኛውን እዚያው ካሉ ችግኝ ሻጮች መግዛት ነው፤ በዚያው ውሃ ያደገ ችግኝ ጨውን ለምዶታል። በድሬ ለስላሳ ጥላ ውስጥ ያደገ ችግኝ በቀጥታ ባሕር ዳር ሲቆም ቅጠሉን ያራግፋል።

17, 18, 19. ባቡር ሲነሣ ክሩ ከመንገዱ ወጣ። አንዱ ሐዲዱ በ1902 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የዛሬዋ ድሬ ላይ ባይደርስ ኖሮ ከተማዋም እንደማትኖር፣ ሐረር የቀረችው በተራራዋ ምክንያት እንደሆነ አስታወሰ። ሌላው አዲስ አበባ የደረሰበትን 1917 እ.ኤ.አ. አነሣ። ሦስተኛው ግን ጨዋታውን ወደ ቁም ነገር መለሰው፦ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሀዳጋላ በኩል የኢትዮጵያ የከርሰ ምድር ውሃ በቱቦ ወደ ጅቡቲ ይሄዳል፤ ከተማዋ የራሷ ጉድጓዶችና ከባሕር የሚጣራ ውሃም አላት። ስለዚህ የአንዱ ቤት ቧንቧ ከሌላው ቤት በጨው ይለያያል፣ በወራትም ይለዋወጣል። ኢሲው በየወሩ ይለካ ማለቱ ተገቢ ነው።

20. በመጨረሻ የተክል ምርጫ መጣ፤ በሦስት መስመር ተከፍሎ። በባሕሩ በኩል ጨው የማይፈራው፦ ሶማሌዎች አዳይ የሚሉት ለጥርስ መፋቂያ የሚቆረጠው ቁጥቋጦ፣ በ1 ሜትር ርቀት 5 እግር፣ በ1.8 ሜትር ቁመት እየተገረዘ። በሥሩ እሬት። ከዚህ ከለላ ጀርባ፣ በሰሜኑ መደብ፦ ቡጋንቪሊያ 2 እግር ወደ ዳሱ የሚመራ፣ ሂና፣ ሮማን፣ በለስ። በምዕራብ አንድ ዛፍ ብቻ። በቤቱ ጥግ በማሰሮ ወይም በበርሜል የሚያዙት ሎሚ፣ ናናና በሶብላ። ሸውሸዌ በአጥር መልክ መገረዝ ቢችልም ካልተገረዘ ከ20 ሜትር በላይ ስለሚሄድና ከሥሩ ሌላ ስለማያበቅል ለ54 ካሬ ሜትር አይመከርም። ተምር ጨው በመቻል የሚያህለው የፍሬ ዛፍ የለም፤ ግን እሾሁ እጅ ቁመት ላይ ነው፣ ሴቴዋም ያለ ወንዴ ዱቄት አታፈራም።

21. ለምዕራቡ ዛፍ ኮኖካርፐስ ታጨ። የዚያው አገር ተክል ነው፣ ቶሎ ያድጋል፣ ጨው ይችላል።

22. ይህ የክሩ በጣም የጦፈው ክፍል ነው። ሃያ ሁለተኛው የኮኖካርፐስ ሥር በባሕረ ሰላጤው አገሮች የውሃና የፍሳሽ ቱቦ እያፈነዳ እንዳስመረረ፣ ለጠባብ ግቢ እሱን መምከር ኃላፊነት የጎደለው እንደሆነ ጻፈ። የድሬዳዋ ዛፍንም አብሮ ውድቅ አደረገ፦ ሥሩ ከላይ ይሄዳል፣ ንጣፍ ያነሣል፣ ጥላው ከ8 ሜትር በላይ ይሰፋል፣ ግቢው ደግሞ 6 ሜትር ነው። 23ኛው ኒምን ተከላከለ፤ ከቱቦው 4 ሜትር ከራቀና አዳዩ ጨዉን ከሰበረለት ይበቃል። 24ኛው ፕሮሶፒስ የሚባለውን እሾሃማ ዛፍ ሲል ሁሉም ተነሣበት፤ በድሬ ዙሪያና በአፋር የግጦሽ መሬት ላይ ያደረሰውን አይቶ ፕሮሶፒስ ትከሉ የሚል ሰው እንዴት ይገኛል ተባለ። ትክክል ናቸው። ነፋስን ይሰብራል ጨውንም ይችላል፤ እንስሳ በልቶ የሚበትነውን ዘር ግን ማንም አጥር አያግደውም።

25. ኦሊያንደር ከባሕሩ በኩል እንዲተከል የቀረበውን ሐሳብ አንዲት እናት የመሰለች ጸሐፊ ቆረጠችው። ቅጠሉ፣ አበባው፣ ግንዱ፣ ሲቃጠል ጭሱ እንኳ መርዝ ነው፣ ልብን ያቆማል። ልጅና ፍየል ባለበት ግቢ አይገባም። የበረሃ ጽጌረዳ የሚባለው የአደኒየም ወተትም መርዛም ስለሆነ በማሰሮ ሆኖ ከሕፃን እጅ ይራቅ። ማንም አልተከራከራትም።

26. አንድ የድሬ ገንደ ቆሬ ሰፈር ሰው ይህ ሁሉ ለራሱ ግቢ ይሠራ እንደሆነ ጠየቀ፤ እሱም ውሃው ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ስለሚተው ጨው ነው ብሎ ሰግቷል።

27. ሰባተኛው መለሰለት፣ በዚህ ጊዜ በትዕግሥት። የድሬ ነጭ ቅርፊት ከኖራ ድንጋይ የሚመጣ ካልሲየም ነው፤ ውሃው ጠንካራ ይባላል እንጂ እንደ ጅቡቲው ሶዲየምና ክሎራይድ የበዛበት አይደለም። ተክል አይገድልም፤ የሚጎዳው የጠብታ መስኖውን ቀዳዳ ነው። የደፈነው ነጥብ ተነቅሎ በሆምጣጤ ውስጥ ሌሊቱን ያድራል፣ ጠዋት በንጹሕ ውሃ ይነፋል። ቅጠል ላይ ማርከፍከፍ ነጭ ነጥብ ይተዋል፣ ያ ብቻ ነው። ጅቡቲ ላይ ግን ጨዋማ ውሃ በቅጠል ላይ ማርከፍከፍ ቅጠሉን ያቃጥላል፤ ከነፋስ በኋላ ቅጠል መታጠብ ካለበት በኤሲው ውሃ፣ ፀሐይ ሳትወጣ ይሁን።

28. ጊዜውን በተመለከተ አንድ ሰው ብቻ ጻፈ፤ ግን ይበቃል። ግንቡና መደቡ በነሐሴና በመስከረም ይለቅ፣ ተከላው በጥቅምት መጨረሻ ይጀመር። ተክሉ ከኻምሲን በፊት 7 ወር ገደማ ሥር ለመስደድ ያገኛል። ግንቦት ላይ የተተከለ አጥር ተክል ሥር ሳይሰድ በእሳት ነፋስ ይያዛል።

29. ጠያቂዋ ተመለሰች። አጥሩን ማሳደግ ትታ ከላይ ያለውን 80 ሳ.ሜ በቀዳዳ ብሎኬት እንድትለውጥ፣ ተክሉን እዚያው እንድትገዛ ከወንድሟ ጋር ተስማምታለች። ኒም በምዕራብ ይቆማል። ግን ሎሚው ሳይቀር እንዲሞከር ትፈልጋለች፣ ወንድሟ የድሬን ሎሚ ሽታ ናፍቋልና።

30. የሎሚው መልስ እንዲህ ተሰጣት። ባለ 200 ሊትር የፕላስቲክ በርሜል ለሁለት ይቆረጥ፤ የብረቱ ይዝጋል። ከታች 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው 6 ቀዳዳዎች ይበሱና በሁለት ብሎኬት ላይ ከፍ ይበል። ችግኙ በክሊዮፓትራ ማንዳሪን ወይም በራንግፑር ላይ የተዳቀለ ቢሆን ክሎራይድን ከሌሎቹ መሠረት ግንዶች ይልቅ ይከለክላል። የሚጠጣው የኤሲ ውሃ ብቻ ነው። ያ ውሃ ምንም ማዕድን ስለሌለው በየሁለት ሳምንቱ ቀለል ያለ ማዳበሪያ፣ በሦስት ወር አንዴ የብረት ማዳበሪያው ይጨመር። ኤሲ በማይሠራባቸው ቀዝቃዛ ወራት ከሮቶ ይጠጣ፤ በወር አንድ ጊዜ ግን ከታች በርሜሉን ያህል ውሃ እስኪፈስ፣ 100 ሊትር ገደማ፣ በዝግታ ይታጠብ። ለማጥለያ ከሥሩ 10 ሳ.ሜ ጠጠር ይደረግ ሲል ጨመረ።

31. የመጨረሻው ምላሽ ጠጠሩ እንዲቀር መከረ። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሸካራ ጠጠር የሚያልፈው አፈሩ ሙሉ በሙሉ ከጠገበ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ጠጠሩ የረጠበውን ንብርብር 10 ሳ.ሜ ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ጨውም የሚከማችበት ያ ንብርብር ነው፣ ሥሩ ባለበት። ቀዳዳዎቹ ላይ ቁራጭ የፕላስቲክ መረብ ተደርጎ በርሜሉ ከሥር እስከ አፉ በአንድ ዓይነት ድብልቅ ይሞላ፤ ከአፉ 5 ሳ.ሜ ለውሃ ይተው።